በጁምዓ ሰዓት ገጻችንን የሚከፍተው ማን ነው?

ነገሩ የሆነው ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ነው። እስካሁን ትዝ ባለኝ ቁጥር ክው የምለው በደረሰው ነገር አይደለም፤ ሊደርስ ሲል በቀረው ነው።

የምሠራው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ውስጥ፣ የቡና ጭነት መኪኖችን ስምሪት በሚከታተል አነስተኛ ቢሮ ነው። ሹፌሮቻችን የቆሙበትን ቦታ በስልካቸው ይልካሉ፤ ድረ ገጻችን ደግሞ የትኛው መኪና የት እንዳለ ያሳያል። እሸት ቡና ሳይጫን ካደረ ስለሚበላሽ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ገጹን ከፍተው ቅርብ ላለው ሹፌር ይደውላሉ። ገጹ የሚሠራበት ሰርቨር ግን ቢሮአችን ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ገጹን አዲስ አበባ ወዳለ ሌላ ሰርቨር ልናዛውረው ወሰንን።

ዕቅዱን ያወጣነው እኔና የሥራ ባልደረባዬ ነጃት ነን። እስኪዛወር ድረስ ገጹን ለጥቂት ሰዓት መዝጋት ግድ ነው። መቼ ይሁን በሚለው ብዙ አልተከራከርንም፤ አርብ፣ በጁምዓ ሰላት ሰዓት። ያኔ ሹፌሮቹ መኪና አቁመው መስጊድ ይገባሉ፣ ጣቢያዎቹም ጭር ይላሉ። ገጹን ማን ያየዋል?

ነጃት ግን ሳታይ የማታምን ሰው ናት። በዚያ ሰዓት ገጹን የሚከፍት ሰው አለ ወይ ብላ ሰርቨሩን መፈተሽ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ "እስቲ ና" አለችኝ። ፊቷ ተለዋውጧል። አርብ በመጣ ቁጥር፣ ልክ በጁምዓ ሰዓት፣ አንድ የማናውቀው ስልክ ገጹን ይከፍታል። ሁልጊዜ የሚያየው ደግሞ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ባለችው በአሰንዳቦ ከተማ የቆሙትን መኪኖች ነው።

"ሹፌሩ ሲሰግድ መኪናው የት እንደቆመ ማወቅ የሚፈልግ ማን ነው?" አለች።

ከሌባ በቀር ማን ይሆናል? እኛው በገዛ እጃችን ለሌባ መንገድ እየመራን ኖረናል ማለት ነው። እኔ ደግሞ እናቴ "አንተ እኮ ጥላህንም ትጠረጥራለህ" የምትለኝ ሰው ነኝ። በዚያው ሳምንት አርብ ሊደረግ የነበረውን ማዛወር አስቆምኩና ሌባውን ልይዝ ተነሳሁ።

አርብ ዕለት ከጋሽ ሙክታር ጋር ወደ አሰንዳቦ ሄድኩ። ጋሽ ሙክታር አንጋፋ ሹፌራችን ናቸው። ይሁንና የሌባው ተባባሪ ከውስጣችንም ሊኖር ይችላል ብዬ እሳቸውንም አልነገርኳቸውም፤ ጉዳይ አለኝ ብቻ አልኩ። መስጊዱ አጠገብ አቁመው፣ ቦታውን በስልካቸው ልከው ገቡ። እኔ ጋቢናው ውስጥ ዝቅ ብዬ፣ የጎማ መፍቻውን ብረት ይዤ ተቀመጥኩ።

ነጃት ደወለች። "አሁን ተከፈተ" አለችኝ በሹክሹክታ፣ ሌባው ጅማ ድረስ የሚሰማት ይመስል።

ብዙም ሳይቆይ ወደ መኪናው የሚሮጡ ሰዎች ኮቴ ሰማሁ። በሩን በርግጄ፣ ብረቱን እንዳነሳሁ ወረድኩ።

ፊት ለፊቴ ቃሬዛ ነበር። ቃሬዛው ላይ አንዲት ወጣት ከንፈሯን ነክሳ ታቃስታለች። ወንዶቹ መስጊድ ስለሆኑ የተሸከሟት ሴቶች ናቸው። ከፊት የምትመራቸው ነጭ ጋውን የለበሰች አዋላጅ ነበረች፤ ሲስተር ጫልቱ እንደምትባል በኋላ አወቅሁ። ብረቱን አየች፣ እኔን አየች።

"ኮቱ፣ ና፤ እሱን ጣልና በዚህ በኩል ያዝ" አለችኝ። "ጋሽ ሙክታርን ጥሩልኝ።"

ብረቱን ጥዬ የቃሬዛውን ጫፍ ያዝኩ። ጋሽ ሙክታር ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ወጡ። ምንም የገረማቸው ነገር አልነበረም። እኔ ግን "ሰላቱስ?" አልኳቸው።

"ጁምዓ ቢያመልጠኝ የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን እሰግዳለሁ። እሷ ካመለጠችን ግን ምን እናደርጋለን? ከኋላ ውጣ።"

ወጣቷና አዋላጇ ጋቢና ገቡ፤ እኔ ከኋላ ባዶው ጭነት ቦታ ላይ ሆኜ ጅማ ሆስፒታል ደረስን።

ሲስተር ጫልቱ ነገሩን ያስረዳችኝ እዚያ ስንጠብቅ ነው። የጤና ጣቢያቸው አምቡላንስ ሌላ ወላድ ይዞ ከወጣ፣ በሌላ ቀን መንገድ ዳር ቆማ ያገኘችውን መኪና ትለምናለች። በጁምዓ ሰዓት ግን ባጃጁም መኪናውም ይቆማል። ገጻችንን ያሳያት አንድ ሹፌር ነው። ከዚያ ወዲህ ምጥ የያዛት ባይኖርም፣ አርብ አርብ መኪና የት እንዳለ አስቀድማ ታያለች። ሹፌሮቻችን ሁሉ ያውቃሉ። በጭነት መኪና ሰው እንዳይጭኑ ስለከለከልናቸው ለእኛ አልነገሩንም።

ወጣቷ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ተገላገለች። ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገዩ ሁለቱንም አናገኛቸውም ነበር" አለን። እንደ ዕቅዳችን ቢሆን በዚያ አርብ፣ በዚያ ሰዓት ገጹ ዝግ ነበር። ክፍት የቆየው ደግሞ እኔ ለሰው አዝኜ ሳይሆን ሌባ ልይዝ ብዬ ነው።

እናቴ "ጥርጣሬህ አንድ ቀን እንኳን ጠቀመህ" እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን እስካሁን መሳቅ አልቻልኩም። የዚያች ሴት ሕይወት በእኔ ክፉ ጥርጣሬ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ሳስብ ዛሬም እደነግጣለሁ።

ገጹን በመጨረሻ ያዛወርነው ጁምዓ ባልሆነ ቀን ነው። ነጃት ልትዘጋው ተዘጋጅታ ስትጠብቅ እኔ አሰንዳቦ ደወልኩ።

"ሲስተር፣ ዛሬ ምጥ የያዛት አለች?"

"ዛሬ ማንም የለችም" አለችኝ።

ያኔ ዘጋነው።