ጋሽ ኡማን ያልለቀቋት መኪና

የጋምቤላ ሰው በሙሉ እንደሰማው፣ መካኒኩ ጋሽ ኡማን ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ታመው የተኙት አራት ቀን ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን እየዘመሩላቸው፣ ባጃጁም ፒካፑም መብራቱን አብርቶ ተከትሏቸው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። እኔ ሰዓዳ እባላለሁ። ስምንት ዓመት አብሬያቸው የሠራሁ፣ እጄ የሚያውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ ተማሪያቸው ነኝ።

ስለ ሟች ደግ ደጉን መናገር ወግ ነው፤ እኔም ደጉን እናገራለሁ። ነገር ግን ከቀብር ስንመለስ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛው «ሙያስ ነበራቸው፤ ያቺን መኪና ባይለቋት ኖሮ» አለ። ሌላኛው «ምን ታውቃለህ፣ የሆነ ነገር ባይኖር አይለቋትም ነበር» ብሎ መለሰለት። የመቃብሩ አፈር ገና አልረጋም ነበር። እንድጽፍ ያስገደደኝ ይህ ወሬ ነው። ያቺን መኪና ጋሽ ኡማን አልለቀቋትም፤ ማን እንደለቀቃት እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ግን እንዴት እንደተዋወቅን ልናገር። ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ የሚያውቀኝ ያውቀዋል። አባቴ በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ አቦቦ አካባቢ የሰፈረ ገበሬ ነበር። ሲሞት በቆሎ የሚጭንባትን አሮጌ ፒካፕ ተወልኝ። መካኒክ ዕቃ ይቀይራል ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ፣ መኪናዋን ወደ ጋሽ ኡማን ጋራዥ ከመውሰዴ በፊት ባትሪዋንም ዲናሞዋንም በምስማር ጭሬ ምልክት አደረግሁባቸው። ከዚያም ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ስጠብቅ ዋልኩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ወደ ማታ ላይ ከመኪናዋ ሥር ወጡና «ይቺ ጭረት ያንቺ ናት?» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ። «ሌባ ብትይኝ አልቀየምም። እኔም መኪናሽን አላመንኳትም» አሉና የወለሉን ምንጣፍ ገለጡት። ከሥሩ ያለውን ብረት በጣታቸው ጫን ሲሉት እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። እኔ ያቺን መኪና በየሳምንቱ አጥባት ነበር።

«ዓይንሽ አይደክምም። ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ነገ ነይ» አሉኝ። እኚህ ሰው ምን ፈልገው ነው ብዬ ሦስት ቀን አሰብኩ፤ በአራተኛው ቀን ሄድኩ።

ጋሽ ኡማን ሰው ያምናሉ፤ መኪና ግን አያምኑም ነበር። «መኪና የሚበላው ዝናብ አይደለም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ተደብቆ የቀረ ውሃ ነው» ይሉ ነበር። በክረምት ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል የመጀመሪያ ሥራችን የመኪናዎቹን በሮች ሁሉ ከፍቶ ምንጣፎቹን ማስጣት ነው። በየበሩ ግርጌ ያለችውን የውሃ መውጫ ቀዳዳ በብስክሌት ሽቦ እንጎረጉራለን። የባትሪውን ጫፎች ግሪስ እንቀባለን። የፍሬን ዘይት ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ ዓይናችንን ሳናሽ እንደፋዋለን። «ይሄ ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይጠጣል፤ የጋምቤላ አየር ደግሞ ግማሹ ውሃ ነው» ይሉናል።

ባሮ ዳር መኪና የሚያጥቡ ሾፌሮችም ያስታውሷቸዋል። ከኢታንግ መንገድ የመጣ መኪና እንደጋለ ወንዙ ውስጥ ሊገባ ሲል ካዩ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃው ውስጥ ይገቡና ከፊቱ ይቆማሉ። «አንድ ሰዓት ጠብቅ። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻል ግሏል። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካው ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ዘይትህ ወተት ይመስላል» ይላሉ። ሾፌሩ «እርስዎን ምን አገባዎት? ጋራዥዎ እንድመጣ ነው?» ብሎ ይቆጣል። እሳቸው መኪናው እስኪበርድ እዚያው ቆመው ይጠብቃሉ። በዚህ ምክንያት «ኡማን ጤነኛ መኪና ያሳምማል» የሚል ወሬ በከተማው ይናፈስ ነበር። ወሬው ለእኔም ጆሮ ይደርሳል፤ እኔ ደግሞ ወሬ ሰምቼ የምረሳ ሰው አይደለሁም።

ጋራዡ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት አቶ ታምሩ የሚባሉ ነጋዴ ወደ ጎግ ሰው የሚያመላልሱባትን ፒካፕ አመጡ። ክረምቱን በሙሉ ከዝናብ አድናታለሁ ብለው በነጭ ላስቲክ ጠቅልለው አቁመዋት ነበር። ዝገት እንዳይነካት ደግሞ ከሥሯ፣ ጭቃው ሳይታጠብ፣ የተቃጠለ ዘይት አስቀብተዋታል። ስትታይ አዲስ ትመስላለች። ጋሽ ኡማን «እንዲህ የሚያበራ ነገር እኔን ያስፈራኛል» ብለው ከሥሯ ገቡ። ብዙ ቆይተው ወጡ።

«ላስቲኩ ውስጥ ሲያልባት ከርሟል» አሉ። «ዘይቱ ጭቃውን ያዘ፤ ጭቃው ውሃውን ያዘ። የፍሬን ቱቦዋ ዝጎ አልቋል። አዲስ ቱቦ እስኪመጣ አትወጣም።»

እሑድ ዕለት ጋሽ ኡማን ቤተ ክርስቲያን ሳሉ አቶ ታምሩ መጡ። ጋራዡ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ሰዓዳ፣ አንቺ የአገሬ ልጅ ነሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ሰውዬው መኪናዬን ለምን ያዟት?» አሉኝ።

«ፍሬኗ ነው፣ ጋሽ ታምሩ።»

«አንቺ በዓይንሽ አይተሻል?»

አላየሁም ነበር። ፔዳሉን ረገጥኩት፤ ጠንካራ ነው። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ፤ ጥቁርና ንጹሕ ነው። ያ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልተለየኝ ጥርጣሬ ያን ቀን መኪናዋን ትቶ ወደ መምህሬ ዞረ። የሚባለው እውነት ቢሆንስ አልኩ። ቁልፉን ከተሰቀለበት አውርጄ ሰጠኋቸው።

በዚያው ዕለት ሰው ጭነው ወደ ጎግ ሲሄዱ፣ ከአቦቦ አለፍ እንዳሉ ከብት መንገዱን ዘጋባቸው። ፍሬን ሲይዙ ፔዳሉ ወለል ነካ። መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ከዛፍ ጋር ተላተመች። ሰው አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ። አንዲት ተሳፋሪ ግን እግሯ ተሰብሮ ዛሬም በምርኩዝ ትሄዳለች። ይህን ከመጻፌ በፊት ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ያለችኝ ነገር በእኔና በእሷ መካከል ይቆይ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። «ቁልፉን የሰጠ ማነው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ታምሩ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር፤ ከተናገሩ ባለጋራዡ በሌሉበት መጥተው መውሰዳቸው ሊወጣ ነው።  ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ኡማን ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «እኔን ድሮም ይጠረጥሩኛል፤ ለምጃለሁ። አንቺን ገና ማመን እየጀመሩ ነው። ሰዓዳ ናት ካልኩ ከእንግዲህ ማንም መኪናውን አይሰጥሽም» አሉኝ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ይህንንም ጠረጠርኩ። አንድ ቀን ውለታዬን መልሺ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ሰዓዳ፣ ነይ እስቲ» ባሉ ቁጥር ልቤ «መጣ» ይላል፤ እሳቸው የሚፈልጉት መፍቻ ነው። ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ሸሹ። የራሴን ጋራዥ ስከፍት ከቀሩት ጥቂቶች የመጀመሪያዎቹን የላኩልኝም እሳቸው ናቸው፤ ያኔም ከጀርባው ምን አለ ብዬ አሰብኩ። ታመው በተኙበት ልጠይቃቸው ሄጄ «ምን ልታዘዝ?» ስላቸው እንኳ፣ ያ ስፈራው የኖርኩት ጥያቄ በመጨረሻ ሊወጣ ነው ብዬ ነበር። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ክረምቱ ገብቷል፤ ምንጣፎቹን አስጪ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ወጥቼ አጥሩ ሥር አለቀስኩ።

ጋሽ ኡማን፣ ይህን በሕይወት እያሉ ልናገረው ይገባኝ ነበር። ፈራሁ። ስምዎን ለብሼ ሰው ሆንኩ፤ እርስዎ ደግሞ የእኔን ጥፋት ተሸክመው መቃብር ወረዱ። ምንም ስላልጠየቁኝ የምከፍልዎትን አላውቅም። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ያነበበ ላላነበበው ይንገርልኝ። ነገ ጠዋት ጋራዤን በሰዓቱ እከፍታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሰዓዳን አላምናትም ብሎ መኪናውን ሊወስድ የሚመጣ ካለ፣ በሩን ከፍቼ አስወጣለታለሁ። እርስዎ ግን አሁን ንጹሕ ስምዎን ይዘው ይረፉ። ነፍስዎን ይማር።