በሶ የጠጣው ራዲያተር

መኪና የሚሞቀው ውሃ አንሶት ነው ይባላል። አይደለም። ትናንት ደጄ ላይ አንዲት አሮጌ ታክሲ ኮፈኗን ከፍታ ስታጤስ ያ የተለመደ ጉባኤ ተሰበሰበ። ባለሱቁ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ መሪ ጨብጦ የማያውቀው አከራዬ ሳይቀር በአንድ ድምፅ «ውሃ! ውሃ አምጡ!» አሉ። ሾፌሩ ታዘዘ። ሞላ፣ አስነሳ፣ ከሰፈሩ ሳይወጣ እንደገና አጤሰች። በዚህ አገር ለማናቸውም ችግር ያለን መፍትሔ ይኸው ነው፤ ከላይ መሙላት። ከታች መንገዱ ይዘጋ አይዘጋ የሚዳስስ የለም። እኔም መዳሰስ የተማርኩት በአጎቴ በጋሽ ደመላሽ ፒክአፕ ነው።

ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ይታያል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከደብረ ብርሃን ስልክ መጣ። የጋሽ ደመላሽ ታናሽ ወንድም፣ ሌላው አጎቴ ጋሽ አበራ፣ ሆስፒታል ገብተዋል። ሐኪሞቹ «ቤተሰብ ይምጣ» ብለዋል። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማንም አስተርጓሚ አይፈልግም።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከመሬት ሽግሽጉ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ጋሽ ደመላሽ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ሾፌር ነበሩ። ደርግ ወድቆ መሬት እንደገና ሲከፋፈል በዚህ ሰበብ «ቢሮክራት» ተባሉና ደህናው ማሳ ተወሰደባቸው። «ቢሮ የገባሁት ቁልፍ ልመልስ ብቻ ነው!» ብለው ስብሰባው መሐል ቢጮኹ የሰማቸው የለም። እሳቸውን ያቆሰላቸው ግን የሰብሳቢዎቹ ፍርድ አልነበረም። እዚያው ስብሰባ ላይ ወንድማቸው ስለ እሳቸው ተጠይቀው መሬት መሬት አዩ፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ብዙ ሳይቆይ ጋሽ አበራ ወታደር ቤት በተማሩት ብየዳ ሊተዳደሩ ደብረ ብርሃን ወረዱ። የሚበይዱት ደግሞ ራዲያተር ነው።

አውቶቡሱ ከሄደ ቆይቷልና በፒክአፑ ተነሣን። ሞላሌን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ነካ። ወጣን። ውጭው ብርድ ጥርስ ያፋጫል፣ ኮፈኑ ሥር ውሃው ይንተከተካል። በረድ ብሎ ክዳኑ ሲከፈት ውሃው ሙሉ ነው። ፋኑን የሚያዞረውን ቺንጊያ ጫን አልኩት፤ አልላላም። ጋሽ ደመላሽ ውሃውን የሚያግደውንና የሚለቀውን ቴርሞስታት ፈትተው ሜዳ ላይ ወረወሩት።

«ይኼ ነው የያዘን» አሉ።

አስነሣን። ጥቂት ሄደን አሁንም ቆምን። እሳቸው መሪው ላይ ተደፍተው «ዛሬ ካልደረስኩ አላገኘውም፤ ሳላናግረው ይሄድብኛል» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለመስተዋቱ።

ሌላ የማደርገው ቢጠፋኝ ራዲያተሩን በእጄ ዳሰስኩት። ላዩ ያቃጥላል። ታቹ ግን እንደ ሜዳው ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«ጋሼ፣ ታች ውሃው አይወርድም። ተደፍኗል።»

መፍቻ አንሥተው ከመኪናው ሥር ተኙና የራዲያተሩን የታችኛውን የውሃ ቱቦ ነቀሉት። ውሃው ቢንጠባጠብ እንጂ አልፈሰሰም። ቀጥሎ አንድ ቡናማ ነገር ተጎልጉሎ ወጣ። ሽታው የተቆላ ገብስ ነው።

«በሶ?» አልኩ።

«ክረምት ላይ ቀዳዳ አወጣ። በሶ በጠበጥኩና ጨመርኩበት። ደፈነው እኮ!»

የመንዝ ሰው በሶ የማይጠግነው ነገር አለ ብሎ አያምንም፤ ሆድም ሆነ መንገደኛ። ቀዳዳውን በእርግጥ ደፍኖታል። ቀጫጭኖቹን የውሃ መተላለፊያዎችም አብሮ ደፍኗል። ለምን አላስበየዱትም ብዬ አልጠየቅኩም። በያጁ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ይህን ጊዜ አንዲት ጎልማሳ ሴት ውሃ የጫነች አህያ እየነዳች ደረሰች። መሬት ላይ የፈሰሰውን አይታ ቆመች።

«እግዚኦ! የናንተ መኪና ጾም አያውቅም እንዴ? ቅዳሴ ሳይወጣ በሶ!»

ጋሽ ደመላሽ አልሳቁም። «ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው» አሏት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። ጀሪካኖቹን ከአህያዋ አወረደች። ጋሽ ደመላሽ አፋቸውን ከታች ባለው ቱቦ ገጥመው ነፉ። ደም ሥራቸው ተገታተረ። በላይ በኩል ጭቃ የመሰለ በሶ ብቅ አለ። እኔ ውሃ አፈሳለሁ፣ እሳቸው ይነፋሉ። ቱቦውን መልሰን ራዲያተሩን ስንሞላ የሴትዮዋ ውሃ አለቀ። ምንጩ ከገደሉ ግርጌ ነበርና ባዶ ጀሪካኖቿን ጭና ወደ መጣችበት ቁልቁል ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከሞላ ጎደል ቻለን። ዳገት ላይ እያሳረፍን፣ ቁልቁለት ላይ እያጠፋን፣ ሲመሽ ሆስፒታል ደረስን።

ጋሽ አበራ ከስተው አልጋው ውጧቸዋል። ዓይናቸው ግን መጀመሪያ ያየው የወንድማቸውን ፊት አይደለም፤ እጃቸውን ነው።

«ምን ነክተህ ነው ጋሼ?»

«ራዲያተር።»

የወንድማቸውን እጅ ወደ አፍንጫቸው ሳቡት። «በሶ አጠጣኸው?»

«አጠጣሁት።»

«ምነው እኔ'ጋ ብታመጣው? ወዲያው እበይደው ነበር።»

«ብየዳው አልነበረም የከበደኝ» አሉ ጋሽ ደመላሽ።

ጋሽ አበራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንፋሻቸው ረዘመ። ጋሽ ደመላሽ ተንበርክከው፣ ግንባራቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ አድርገው «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። መልስ አልመጣም። ደግመው አሉ። ጋሽ አበራ ከዚያ በኋላ አልነቁም፤ ሊነጋጋ ሲል ዐረፉ።

አስከሬኑን ይዘን ስንመለስ ጋሽ ደመላሽ «ሰምቶኛል?» አሉኝ። «ሰምተዋል» አልኳቸው። ዛሬ በጣም አርጅተዋል፤ የልጆቻቸውን ስም ያምታታሉ። እኔን ባዩ ቁጥር ግን ያችን ጥያቄ አይስቱም፤ እኔም ያችኑ መልስ እሰጣለሁ። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ አላውቅም። አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር፣ ፊታቸውን አይቻለሁ፣ አላውቅም።

ቁጣ እስኪበርድ መጠበቅ ብልኅነት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አትስሟቸው። የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ተዉትና ተነሡ፤ ጆሮው እየሰማ ድረሱበት።