የዓርብ ባለጉዳይ

ነገሩ የሆነው አምና ብርዱ መግባት ሲጀምር ነው። ዓርብ በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። የሰው ታሪክ መጎርጎር መውደዴ ለአንድ ጊዜ እንኳ ለቁም ነገር ስለዋለ ይሆናል።

የምሠራው ፍራንክፈርት፣ ሳክሰንሃውሰን ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ አንድ እንግሊዛዊ አዛውንት አሉ። ልጃቸው እዚህ ስለምትኖር ነው የመጡት። እንግሊዝኛ ስለምችል ለእኔ ተሰጡ። የፓርላማ አባል እንደነበሩ ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። እንዴት ተመረጡ? ሚኒስትር ሆነው ያውቃሉ? እንዴትስ ወረዱ? ጫማ ሳስርላቸውም፣ ቁርስ ሳቀርብላቸውም እጠይቃለሁ።

መልሳቸው አጭር ነው። አባታቸው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። ሃያ ዓመት ያህል ተመረጡ፤ ለጥቂት ወራት ምክትል ሚኒስትር ሆኑ፤ በመጨረሻ ተሸንፈው ወጡ። የቀረውን ረስተውታል።

ያልረሱት ዓርብን ነው። ዓርብ ዓርብ በመረጣቸው ከተማ ቁጭ ብለው የሰዉን አቤቱታ ይሰሙ ነበር። አሁንም ዓርብ ጠዋት ከረባት አስረው፣ ደብተር ይዘው ምግብ አዳራሹ ጥግ ይቀመጣሉ። ማንም አይመጣም። እኛ አገር የሹም ደጅ ይጠናል፤ ሹሙ ባለጉዳይ ሲጠብቅ ሳይ ገረመኝ።

አንድ ዓርብ፣ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ፊታቸው ተቀመጥኩ።

"ስምሽ? አድራሻሽ? ጉዳይሽ?" አሉኝ ኮስተር ብለው።

ሳቄ መጣ። ግን የእውነት ጉዳይ ነበረኝ። ግሪስሃይም የምንኖርበት ሕንፃ ሊፍቱ ከተበላሸ ሁለት ወር አልፎታል። አምስተኛ ፎቅ ያሉት ኤርትራዊው ጎረቤቴ አቦይ ተስፋይ ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ከቤት አይወጡም። ቤተ ክርስቲያን ከሳሙ ሰንብተዋል። ባየኋቸው ቁጥር አንጀቴን ይበሉታል።

"ለአከራዩ ነግራችኋል?" አሉኝ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ።

"አሥር ጊዜ ደውለናል" አልኩ።

"ስልክ ማስረጃ አይሆንም። ጻፉ። የአዛውንቱን ስም ከላይ አድርጊ። መልስ የምትጠብቁበትን ቀን ቁረጡ። ሁሉም ይፈርም።"

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ጻፍኩ። ልጄ "ማማ፣ ዳስ ኢስት ፋልሽ!" እያለች ጀርመንኛዬን አረመችልኝ። በየፎቁ ዞረን አስፈረምን። በአሥረኛው ቀን ሠራተኞች መጥተው ሊፍቱን ጠገኑት።

ዓርብ እስኪደርስ ቸኮልኩ። ሄጄ ፊታቸው ስቀመጥ ግን አላወቁኝም። አንዳንድ ቀን እንደዚያ ናቸው። "ስምሽ?" አሉኝ። ክው አልኩ። ስነግራቸው ደብተሩን ገለጡና በጣታቸው እየፈለጉ አንድ መስመር ላይ ቆሙ።

"አቶ ተስፋይ ወረዱ?" አሉኝ።

"ወርደዋል" ስል እንባዬ ቀደመኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ አቦይ ተስፋይ ራሳቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው አብረውኝ መጡ።

"አቦይ፣ ጉዳይዎ ምንድን ነው እያሉዎት ነው" አልኳቸው።

"ጉዳይ የለኝም በያቸው። በአውፍሱጉ፣ በሊፍቱ፣ መውረዴን በዓይናቸው ይዩ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ተረጎምኩላቸው። እንግሊዛዊው እርሳሳቸውን አንስተው ደብተሩ ላይ ያለውን መስመር ቀስ ብለው ሰረዙት።

የሚኒስትርነታቸውን ወሬ እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ አሁን አይቆጨኝም። ዓርብ ሲቃረብ ግን በየፎቁ እየዞርኩ ጉዳይ ያለው ሰው እፈልጋለሁ። ፊታቸው ያለውን ወንበር ባዶ ሆኖ ማየት አልወድም።