ለእንጦጦዋ ልጅ የተላከ ሙልሙል

ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ሲዛወር ባሌ የኮርቻ ባለሙያ ነበርና አብረን ሄድን። እናቴን ስሰናበታት "ለቡሄ እመጣለሁ" ብያት ነበር። የትኛው ቡሄ እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። አንዱን ዓመት ወንዝ ሞላ፣ አንዱን ዓመት በቅሎዋ አነከሰች፣ የቀሩትን ደግሞ እኔው ሰነፍኩ፤ ምን እዋሻለሁ! ስድስት ቡሄ እንዲሁ አለፈ።

በሰባተኛው ባሌን ጨቅጭቄ ተነሣሁ። ጫጫ ላይ ወንዙ እስኪጎድል ሁለት ቀን ተቀመጥኩ፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ቁልቁለቱን በጭቃ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ሙልሙሌን ነበር። እናቴ ለቡሄ ለየልጆቿ ዳቦ ስትጋግር፣ የእኔን ለመለየት መሐሉን በአውራ ጣቷ ትጫነው ነበር። ያቺን ጉድጓድ ለወንድሜ እያሳየሁ አናድደው ነበር።

አንኮበር ስደርስ ወንድሜ ደጃፉ ላይ ችቦ ያስራል። አቅፎ ሳመኝና "እማዬ ዘንድሮ ሰው አትለይም፣ እንዳትደነግጪ" አለኝ።

"እኔንማ ትለየኛለች" ብዬ ሳቅሁበት።

እናቴን ምድጃው አጠገብ አገኘኋትና ተጠመጠምኩባት። ቀስ ብላ ራሷን አላቀቀች፤ የቀሚሴን ጥልፍ በጣቷ ዳሰሰች።

"እሜቴ፣ ይቀመጡ። መንገዱ አድክሞዎት ይሆናል።"

የቀለደችብኝ መሰለኝ፤ ቀልድ ታውቅበት ነበር። "እማዬ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። "እግዜር ያክብርልኝ" አለችና መደቡን በነጠላዋ ጠረገችልኝ፤ ለባላባት ሚስት እንደሚጠረገው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፤ አንዴ፣ አንዴ ብቻ "አንቺ" እንድትለኝ። በልጅነቴ እሳት የበላውን ክንዴን ገልጬ አሳየኋት። "አይዞዎት፣ ይድናል" አለችኝ። ሃያ ዓመት የቆየ ጠባሳ! ተናደድኩባት። በታመመች እናቴ ላይ መናደዴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ቀን ልነሣ ስል ከጉያዋ አንድ ሙልሙል አወጣች። መሐሉ ላይ የአውራ ጣቷ ጉድጓድ አለበት።

"እሜቴ፣ እንጦጦ ልጅ አለችኝ። ይችን አደራ ያድርሱልኝ።"

"ምን ልበላት?"

"ቀረሁ ብላ እንዳትሳቀቅ። ክረምት ነው፣ ወንዙም ሞልቷል፣ እናትሽ አልተቀየመችሽም ይበሏት።"

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ "አደርሳለሁ" አልኳት።

ጫጫ ስደርስ ወንዙ እንደገና ሞልቶ ነበር። ዳሩ ላይ ተቀምጬ፣ አውራ ጣቴን በጣቷ ጉድጓድ ውስጥ እንዳደረግሁ፣ እያለቀስኩ በላሁት። በሦስቱ ቀን "አንቺ" ብላ ያናገረችኝ በዚያች "እናትሽ" ብቻ ነው፤ ያውም ለሌላ ሰው በተላከ መልእክት። በኅዳር ማረፏን ሰማሁ። አደራው መድረሱን የነገራት ሰው የለም።