የግራ እጅጌው

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሲያካፋ የዋለው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። በአስፋልቱ ዳር ሴቶች ጃንጥላ ዘርግተው በቆሎ ይጠብሳሉ። ከፊቴ የቆመችው ወጣት በእጅ የተሠራ ሹራብ ለብሳለች። ፋብሪካ የሠራውንና ሰው የሠራውን ዓይኔ እስከ ዛሬ አይስተውም። የሰው እጅ ሲደክም ይላላል፣ ሲናደድ ይጠብቃል፤ ያ ሁሉ ክሩ ላይ ይቀራል። የልጅቷ የግራ እጅጌ ከክርኗ በታች ከሌላው ነጣ ያለ መሰለኝ። ሳላስበው እጄን ሰድጄ ነካሁት።

"ምነው እማማ?" አለችኝ ዞር ብላ።

"ክር የተመዘዘብሽ መስሎኝ ነው" አልኳት።

እጅጌው ሌላ ቀለም አልነበረም። በአንድ በኩል ዝናብ ስላረጠባት፣ ያልረጠበው ነጥቶ ታይቶኝ ነው። ተራዬ ደርሶ ታክሲው ሲሞላ እኔ አልገባሁም። ከሰልፉ ወጥቼ አንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥኩ።

ሹራብ መሥራት የተማርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ነፋስ ስልክ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። የሴቶች ማኅበር የእጅ ሥራ ትምህርት ይሰጥ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ቤት ውያለሁ። እናቴ በጆንያ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ አባታችን ከሞተ ቆይቷል። "ቁጭ ብለሽ ከምትተክዢ እጅሽን አፍታቺ" ብላ ላከችኝ። አስተማሪያችን እትዬ አስናቀች ቀጭንና ቁጡ ሴት ነበሩ፤ የተሳሳተ ሥራ ካዩ ምንም ሳይናገሩ ክሩን ይዘው እስከ መጀመሪያው ድረስ ይተረትሩታል። መርፌዎቼን የሠራልኝ በሦስት ዓመት የሚያንሰኝ ወንድሜ ብርሃኑ ነው። ቀርከሃ ጠርቦ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ፣ ክሩን እንዳይዝብኝ በቅባት አሸልኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ቆብ ነበር። ሳምንት ለፍቼ የወጣው ነገር የብርሃኑን ራስ አልፎ አፍንጫው ላይ ደረሰ። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ አጥልቆት፣ ግድግዳ እየዳሰሰ ሲያስቀን ዋለ። ቀጥዬ ለጎረቤት አራስ ልጅ ካልሲ ሠራሁ፤ አንዱ ለልጁ ሆነ፣ ሌላው ለአባትየው ይሆን ነበር። ሦስተኛው ለእናቴ የሠራሁት የአንገት ሻርፕ ነው። እሱ ቀናኝ። እናቴ ፋብሪካ ለብሳው ሄዳ ስትመለስ "ሁሉም ከየት ገዛሽው አሉኝ" ያለችኝ ቀን እንዴት እንደተደሰትኩ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ እጄ ሥራ መፍታት አቃተው። ወጥ እየጠበቅሁ እሠራለሁ፣ ውሃ ተራ ቆሜ እሠራለሁ።

ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ሙሉ ሹራብ ጀመርኩ። ለራሴ ነበር። ለጥምቀት ልለብሰው አስቤ ቡናማ ክር መረጥኩ። ጀርባው አለቀ፣ ደረቱ አለቀ፣ የቀኝ እጅጌውም አለቀ። የግራው ክርኑ ላይ ሲደርስ ክሩ አለቀብኝ። ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል።

"ብሬ፣ መርካቶ ሄደህ ይህንኑ ቀለም ፈልግልኝ" አልኩት።

"ሙሉ፣ ነገ ልሂድልሽ? ዛሬ ከልጆቹ ጋር ኳስ አለን።"

"ነገማ መቼ ሠርቼ እጨርሳለሁ? ዛሬ ሂድልኝ።"

አላንገራገረም። ለናሙና የሰጠሁትን ክር ጣቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጓደኛውን ዳንኤልን ጠርቶ ወጣ። ያ ወቅት የአፈሳ ወቅት ነበር። ወጣት ወንድ ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ሠራዊት የሚላክበት ጊዜ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው እሱን ነበር። እኔ ግን የማስበው ስለ እጅጌው ነበር።

ሊመሽ ሲል ዳንኤል ብቻውን መጣ። ላብ አጥምቆታል። እናቴ ከሥራ አልገባችም። በወረቀት የተጠቀለለ ክር አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

"ገዝተን ስንመለስ ከበቡን" አለኝ። "እኔ በአንድ ሱቅ ጓሮ ሾልኬ አመለጥኩ። እሱን ሲይዙት ክሩን ወደ እኔ ወረወረው። ለሙሉ ስጣት አለኝ።"

እናቴ መጥታ ነገሩን ስትሰማ አላለቀሰችም። "ምን ሊሠራ ነው መርካቶ የሄደው?" ብላ ደጋግማ ጠየቀች። ዳንኤል ዓይን ዓይኔን ያየኛል። "እንጃ" አልኩ። ከዚያች ቃል በኋላ እውነቱን የምናገርበት ቀን አላገኘሁም። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሳምንት አለፈ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ለምን እስካሁን ዝም አልሽ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።

የገዛው ክር ቀለሙ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አልነበረም። ወደ ጡብ የሚያደላ፣ ነጣ ያለ ቡናማ ነው። ያንን እጅጌ በእሱ ጨረስኩት። ሹራቡ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ለእኔ ሰፋኝ። ትከሻው የወንድ ትከሻ ሆነ። ከወራት በኋላ ብርሃኑ ወሎ ውስጥ መሆኑን፣ ሌሊቱ እንደሚበርደውም ጻፈልን። ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ወደ ደሴ ሲሄዱ ሹራቡን ከዳቦ ቆሎና ከበሶ ጋር አድርገን ላክንለት። መልሱ መጣ። "ሹራቡ ልክክ አለልኝ። እጅጌው ለምን ሌላ ቀለም ሆነ እያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ታሪክ አለው እላቸዋለሁ" ይላል። እናቴ "የምን ታሪክ ነው?" አለችኝ። "ቀልዱን ነው" አልኳት። ከዚያ በኋላ ሌላ ደብዳቤ አልደረሰንም።

መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ጦር በእግሩ ወደየአገሩ ጎረፈ። በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ደቡብ የሚሄዱት በእኛ ሰፈር ያልፋሉ። አንዳንዱ ባዶ እግሩን ነው፤ አንዳንዱ ውሃ ለምኖ ደጃፍ ላይ ይተኛል። እናቴ ከፋብሪካ ስትመለስ ቤት ሳትገባ መንገድ ዳር ትቆማለች። የሚያልፈውን ሁሉ "ልጄን አይተኸዋል? ብርሃኑ ይባላል፣ ቡናማ ሹራብ አለው" ትላለች። እንጀራ በእጇ ይዛ ነው የምትጠይቃቸው። አይተነዋል የሚላት አልነበረም። ሰልፈኛው እየሳሳ ሄዶ ቆመ፤ እሷ ግን መቆሟን አልተወችም። እኔ መርፌዎቼን አልጋ ሥር ከተትኳቸው።

በዓመቱ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ የሰፈራችን ወፍጮ ተበላሸና እህል ወደ ላፍቶ ተሸክሜ ሄድኩ። ያን ጊዜ ላፍቶና ለቡ እርሻ ነበር፤ ጤፉ ገና ብቅ ብሏል፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ወፍጮ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ጨለምለም ያለ ቤት ነው። ሽሮና በርበሬው ተቀላቅሎ ያስነጥሳል። ከላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከታች ሞተሩ ያጓራል፤ ሰው የሚግባባው በምልክት ነበር። ተራዬን ስጠብቅ ኩንታል የሚያወርድ አንድ ሰውዬ አየሁ። ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ ዱቄት ነው። ኩንታሉን ሲያነሳ እጅጌው ተዘረጋና ዱቄቱ ረገፈ። ከክርኑ በታች ቀለሙ ጡብ መሰለ።

ሄጄ ክንዱን ያዝኩት። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም። ወደ ውጭ ጠቆምኩት። ጣሪያው ሥር፣ ከሚንጠባጠበው ውሃ ጠጋ ብለን ቆምን።

"ወንድሜ፣ ይህን ሹራብ ከየት አገኘኸው?"

"ሰልባጅ ተራ ነው የገዛሁት" አለኝ። ፊቱን አዞረ።

"እኔ ነኝ የሠራሁት።"

እጅጌውን ቁልቁል አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ሙሉ ማለት አንቺ ነሽ?" አለኝ።

ስሜን የነገረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። ታደሰ እንደሚባል፣ አገሩ ወላይታ እንደሆነ፣ ከብርሃኑ ጋር አንድ ምድብ እንደነበሩ ነገረኝ። ጦሩ ሲፈርስ አብረው በእግር ወጡ። የሚተኙት አንዷን ሹራብ ሁለቱም ላይ ጣል አድርገው ነበር። ቆላው ላይ ብርሃኑን ወባ ያዘው። ሸዋ ሮቢት ሳይደርሱ፣ ድልድይ አልፎ ከመንገዱ ዳር ያለች ሾላ ሥር ቁጭ አለና መነሳት አቃተው።

"እኔ አልገፈፍኩትም" አለኝ ታደሰ። "ትኩሳቱ ሲያቃጥለው ሞቀኝ ብሎ ራሱ ነው ያወለቀው። አንተ ሂድ፣ ሲሻለኝ እደርስብሃለሁ አለኝ። ሰዎቹ ጥለውን እየሄዱ ነበር። በኮዳ ውሃ አስቀምጬለት ሄድኩ።"

"ስትለየው በሕይወት ነበር?"

"ያናግረኝ ነበር።"

"ታዲያ ስማችንን ሰፈራችንን ካወቅህ ለምን አልመጣህም?"

ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ዱቄቱና ውሃው ጉንጩ ላይ ሊጥ ሆነ። "መጥቼ ነበር" አለኝ። "ልነግራችሁ ነበር የመጣሁት። እናትሽ መንገድ ዳር ቆማ አገኘኋት። ሹራቡ በጆንያዬ ውስጥ ነበር። ልጄን አይተኸዋል አለችኝ። አላየሁም አልኳት። እንጀራ ሰጠችኝ። በላሁት። ከዚያ ወዲያ አገሬ መግባት አልቻልኩም፣ እናንተም ጋ መምጣት አልቻልኩም። እዚህ ቀረሁ።"

ከዚያ ሹራቡን በራሱ ላይ ገልብጦ አወለቀና ዘረጋልኝ። ከሥር የለበሰው ብጭቅጭቅ ያለ ካናቴራ ብቻ ነው። የነሐሴ ዝናብ ይዘንባል። ተቀበልኩት። ያን ሰው በዚያ ብርድ ጥዬው ሄድኩ፤ አላመሰገንኩትም፣ አልረገምኩትም፣ እህሌንም እዚያው ረሳሁት። በማግስቱ ለእህሉ ስመለስ ባለ ወፍጮው "ልጁ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ" አለኝ። የት እንደሄደ አያውቅም። ታደሰን ሁለተኛ አላየሁትም። ቅዝቃዜ ሲበረታ እሱም ትዝ ይለኛል።

እናቴ ፋብሪካ በሄደችበት ሹራቡን በሳፋ ውሃ ነከርኩት። ውሃው ወተት መሰለ። ከክሩ ውስጥ ዱቄቱ ሊጥ እየሆነ በጣቴ መሃል ወጣ። ሲደርቅ ልደብቀው ፈለግሁ፤ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ውስጥ የት ይደበቃል? ስለዚህ እንደ እትዬ አስናቀች ክሩን ያዝኩና እስከ መጀመሪያው ድረስ ተረተርኩት። ክሩ ለዓመታት የታጠፈበትን ቅርጽ ይዞ እንደ ጸጉር ተጠቅልሎ ቀረ። ሁለት ልቃቂት ሆነ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። መርፌዎቼን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ለእናቴ ሰፊ የትከሻ ልብስ ሠራሁ። ከሠራኋቸው ሁሉ የተሳካው እሱ ነው። አንድ ስህተት አልነበረውም።

እናቴ አሥራ አንድ ዓመት ለበሰችው። ሲመሽ በትከሻዋ ደርባው መንገድ ዳር ትወጣለች። ልጇን እየጠበቀች ትቆማለች፣ የልጇ ልብስ ትከሻዋ ላይ ነው። እኔ ከመስኮት አያለሁ። መንገር የነበረብኝ ሁለት ነገር ነበር፤ መርካቶ የላክሁት እኔ መሆኔንና ሾላዋን። ሁለቱንም ዋጥኳቸው። ስታርፍም ልብሱ አልጋዋ ላይ ነበር። አንድም ቀን ክሩን ከየት አመጣሽው ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ድሮ የመጀመሪያውን ክር ስጠቀልል ድውሩን በሁለት እጇ ዘርግታ የያዘችልኝ እሷ ነበረች። ቀለሙን አልለየችውም ብዬ ለማመን ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ።

ያን የሐምሌ ዕለት ሀይሌ ጋርመንት ከሱቁ ደጃፍ ተነስቼ፣ በመጨረሻው ታክሲ ቤቴ ገባሁና ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ወንድሜ በጦርነቱ እንደጠፋ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ነገረ ሥራው ዝግ ያለ ሰው ነው፤ አቋርጦ አይጠይቅም።

"ሰውዬው ቦታውን ነግሮሽ ነበር አይደል?" አለኝ ስጨርስ።

"አዎ።"

"ሸዋ ሮቢት እኮ ጠዋት ተሄዶ ማታ የሚመለሱበት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልሄድሽም?"

ሊወቅሰኝ እንዳልሆነ ከድምፁ ገባኝ፤ ስላልገባው ነው የጠየቀኝ። መልሱን አሁን፣ ይህን ስጽፍ፣ የማውቀው ይመስለኛል። ብሄድ ኖሮ የዚያ አካባቢ ሰው አንድ ነገር ይነግረኝ ነበር፤ ቀበርነው ይሉኛል፣ ወይም አላየነውም ይሉኛል። ካልሄድኩ ግን ብርሃኑ እዚያው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ኮዳው አጠገቡ ነው፣ ሲሻለኝ እደርስብሃለሁ እንዳለ ነው። እናቴ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችው። እኔ ደግሞ ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ከዛፉ ሥር እንዳይነሳ ይዤዋለሁ።