መንገዱን የሳተው አውሮፕላን

አውሮፕላኑ ከላያችን የዞረው ሁለቴ ነው ወይስ ሦስቴ? ወሩንም በእርግጠኝነት አላውቀውም፤ ቡናው መቅላት ጀምሮ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ፤ ወይም አስታውሳለሁ ብዬ ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ጣሊያን ዲላን በያዘበት ዘመን ነጋዴው አባቴ ጠመንጃዬን አላስረክብም ብሎ ከከተማ ሸሸ፤ እኔም ተከተልኩት። ቡና የሚሸጡለት አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ ኢዲዶ ከምትባል መንደር አጠገብ፣ በእንሰታቸው መካከል ጎጆ ሰጡን። አባቴ ቦታውን የወደደው አስቦበት ነው፤ አውሮፕላኑ ዘወትር ከዲላ በወናጎ አድርጎ የመኪናውን መንገድ ተከትሎ ስለሚበር ወደ እኛ አይመጣም ነበር። እኔ ግን ድምፁን ከሩቅ በሰማሁ ቁጥር መቀመጥ አይሆንልኝም ነበር።

አባቴ በትኩሳት ወደቀ። ሽማግሌው በላብ የራሰውን ጋቢ አጥቤ እንሰቱ ሥር እንዳሰጣው መክረውኝ ነበር። እኔ ግን የከተማ ልማድ ይዞኝ፣ ነጭ ልብስ ሣር ላይ ካልተሰጣ አይነጣም ብዬ ገላጣው ላይ ዘረጋሁት።

በዚያው ረፋድ ጉም በወረደበት ሰዓት ድምፁ ከራሳችን በላይ መጣ። ጉሙ ሲቀደድ ክንፉን አየሁት። ዞረ፤ ተመልሶም ዞረ።

አባቴ ከመደቡ ተነስቶ ጋቢውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። አሁኑኑ ከመኪናው መንገድ ይበልጥ ወደምትርቀው ወደ ወርቃ እንሂድ አለ። ሽማግሌው በዚህ ትኩሳትና ካፊያ መንቀሳቀስ መሞት ነው ብለው ለመኑት።

«መንገዱ ጠፍቶበት ነው» አሉ። «መንገዱን ነው የሚፈልገው፤ አንተን አይደለም።»

«አንተ ደግሞ ቡና መልቀም ትተህ አብራሪ የሆንከው መቼ ነው?» አለ አባቴ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እንቆይ ብል ይቆይ ነበር፤ ይህን አልጠራጠርም። ጋቢውን ጠቅልዬ ቃሬዛ መሥራት ጀመርኩ። ወርቃ በደረስን በሦስተኛው ቀን አባቴ አረፈ።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የዚያን ዘመን የበረራ ወረቀቶች በተቀመጡበት መዝገብ ቤት የዚያን ቀኑን የሚመስል ዘገባ አገኘሁ። ስለ ነጭ ጨርቅ አንድም ቃል የለበትም። አብራሪው ከወናጎ በስተደቡብ በጉም ምክንያት መንገዱን ስቶ፣ ሊፈልገው ሁለቴ ዞሮ፣ ከዛፍ በቀር ምንም ሳያይ ተመልሷል።