ሐኪሙ ሳይሄድ

ትዕግሥት የሚባል ነገር ቀድሞውንም አልፈጠረብኝም። ያን ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ብሶብኝ ነበር። አገሬው ሁሉ ጣሊያን ዛሬ ወጣ፣ ነገ ወጣ እያለ ቀን ሲቆጥር፣ እኔ ብቻ በሆዴ «ጌታዬ፣ ይውጣልን፤ ግን ሐኪሙን አንድ ቀን አቆይልኝ» እያልሁ እለምን ነበር። ባሏ አምስት ዓመት በረሃ የከረመ የአርበኛ ሚስት እንዲህ ብላ ስትጸልይ ማን ሰምቶ ዝም ይላል? ለማንም አልተነፈስሁም።

ነገሩ የጀመረው ጣሊያን ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ግራ ጡቴ ላይ ነቀርሳ በቀለብኝና ደብረ ወርቅ አካባቢ ወደሚኖሩ አንድ መድኃኒት አዋቂ ወሰዱኝ። ሽማግሌው የሚያቃጥል መድኃኒት እየቀቡ፣ በጋለ ብረት እየተኮሱ፣ በሦስት ወር ጡቴን ከነነቀርሳው ነቅለው ጣሉት። ዘመድ ወዳጅ ለተዝካሬ ጌሾ ሊወቅጥ ሲያስብ እኔ ተነሣሁ። ድኜ አጨድሁ፣ ፈተልሁ፣ ከሰውም ተጣላሁ። የቀረብኝ ከብብቴና ከትከሻዬ እስከ ደረቴ የተጨማደደ ጠባሳ ብቻ ነበር።

በጣሊያን የመጨረሻው ዓመት ላይ እዚያው ጠባሳ መሀል አንዲት ሽንብራ የምታህል ነገር ወጣች። ትደማለች፣ ትደርቃለች፣ መልሳ ትደማለች። እኔም ምች ነው አልሁ። ከምድጃ ተነሥቼ ፀሐይ ላይ ስወጣ መትቶኝ ነው ብዬ ዳማ ከሴ ቅጠል እያሸሁ እቀባት ጀመር። ስድስት ወር ሙሉ ቀባሁ። የጓሮዬ ዳማ ከሴ አልቆ የጎረቤት ጓሮ ገባሁ። ያቺ ሽንብራ ግን ባቄላ አከለች፤ ትከሻዬ ላይም፣ ጠባሳው በሚያልቅበት፣ ታናሿ ብቅ አለች። እኔ አሁንም ምች ነው እላለሁ።

ሁዳዴ ገብቶ ከባሌ ታላቅ እህት ጋር አምበር ሰባት ቀን ጠበል ልንጠመቅ ሄድን። እሷ ያኔ ጡቴ ሲቃጠል ቁስሌን ያጠበችልኝ ሴት ናት። በአምስተኛው ቀን ልብሴን ሳወልቅ ቀረብ ብላ አየችና አሸተተችኝ። ምች አይሸትም አለችኝ። እኔ ተቆጣሁ፣ ሟርተኛ አልኋት፣ ሌላም ያልኋት አለ። ምንም ሳይመስላት ነጠላዋን ተከናንባ ነገ ማርቆስ ጣሊያኑ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን አለች። እሞታለሁ እንጂ አልሄድም፣ ባንዳ ያሰኙኛል አልሁ።

«ወንድሜ ሲመለስ ባንዳ የተባለች ሚስት ቢያገኝ ይሻለዋል፣ ወይስ መቃብሯን?» አለችኝ።

  አጥማቂውን ቄስ ሁለቱ ቀን ቢቀርብኝስ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ድነሽ ነይና ትጨርሺዋለሽ ብለው አሰናበቱኝ።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ከአምበር ተነሣን። አይ ያቺ መንገድ! የጣሊያን ካሚዮን ዕቃ ተጭኖ በላይ በላዩ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ሰው ከየማሳው ጥግ ቆሞ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ወዲያው ደግሞ አንዱ ካሚዮን ላይ ሐኪሙ ቢኖርስ እላለሁ። መሮጥ ጀመርሁ። የባሌ እህት ከኋላዬ ጉልበቴን፣ ጉልበቴን እያለች ትረግመኛለች። ሌላ ጊዜ ወረቀት ካላሳያችሁ የሚሉት የኬላ ዘበኞች ያን ቀን ጓዛቸውን ሲያስሩ ቀና ብለውም አላዩን።

ሐኪም ቤቱ ስንደርስ አልጋው ሁሉ ደጅ ወጥቷል። ሐኪሙ፣ አንድ ቀጭን ሰው፣ ቢላዎቹን ሣጥን ውስጥ ይደረድራል። አጠገቡ ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ጠጉሩ የሸበተ ቁስል አሳሪ አለ፤ የሚያስተረጉመውም እሱ ነው። ተዘግቷል አለኝ። እኔ ምን ጊዜ አለኝ? ለጎረቤት ያላሳየሁትን ደረት በሁለት ወንድ ፊት ገልጬ ቆምሁ። ሐኪሙ ሣጥኑን ተወው። ያችን ነገር ዳሰሰ፣ ትከሻዬን አየ፣ ከዚያ ብብቴ ውስጥ ጣቱን ከትቶ ብዙ ጊዜ ፈለገ።  በመጨረሻ ተናገረ፤ ቁስል አሳሪው አስተረጎመልኝ። የጡቱ ነቀርሳ አልተመለሰም። ይህ ሌላ ነው፣ የቆዳ ነቀርሳ ነው፤ የተቃጠለ ጠባሳ ሲቆይ ያበቅለዋል። ወደ ውስጥ አልገባም። ዛሬ ከተቆረጠ ትኖሪያለሽ።

እልል አልሁ! ቤቱ አስተጋባ። ቁስል አሳሪው «እህቴ፣ ገና እኮ አልተቆረጠም» አለኝ።

መርፌ ወግቶ አደነዘዘኝና ጀመረ። ተኩስ ከሩቅ ይሰማል። የኛዎቹ ናቸው እያልሁ ደስ ይለኛል፣ ቆይ ትንሽ ቀስ በሉ እያልሁም እለምናለሁ። ትልቋን አውጥቶ ሊሰፋ ሲል አንድ ወታደር በር ላይ መጥቶ ጮኸበት። እሱም መልሶ ጮኸበት፣ ስፌቱንም ጨረሰ። ለትከሻዬ ግን ጊዜ አልነበረም። ትንሿን በጣቱ እየነካ ለቁስል አሳሪው ረዘም አድርጎ ነገረው፤ አንድ ቢላ፣ መርፌና ክር፣ አንድ ጠርሙስ መድኃኒትም ጠረጴዛው ላይ ተወለት። እጁን ታጥቦ ወጣ። እግዜር ይስጥልኝ ልበለው ወይስ ልርገመው ሳላውቅ ካሚዮኑ ተነሣ። አለቀስሁ፤ ለማን እንዳለቀስሁ ዛሬም አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን አርበኞቹ ገቡ። ከተማው በእልልታ ተናወጠ፤ እኔ ስፌቱ እየሳበኝ እጄን ማንሣት አቃተኝ። ባሌ ጠጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ፣ ዝናሩን እንደታጠቀ፣ ጣሊያን ትቶት በሄደው የብረት አልጋ ላይ ተኝቼ አገኘኝ። ፈራሁት። እህቱ ሁሉንም ነገረችው፤ ቆሞ ሰማና ወደ ቁስል አሳሪው ዞረ።

«የቀረውን ማን ይቆርጠዋል?»

ቁስል አሳሪው ሐኪሙ ሲቆርጥ ፋኖስ እንጂ ቢላ ይዞ እንደማያውቅ ነገረው። ባሌ ዛሬ ትይዛለህ አለው። ሰውየው አማተበና መርፌውን ወጋኝ። ቆዳዬን ቀስ ብሎ ከፈተ። ባሌ እጄን ጨብጧል። እኔ አንገቴን አዙሬ ሁሉንም አያለሁ፣ እፎይ ልል ነው፣ ልትወጣ ነው እያልሁ። በድንገት እጄ ተለቀቀ። ባሌ ከነዝናሩ መሬት ላይ ተዘርግቷል። የአምስት ዓመት ጥይት ያልጣለውን ሰው የእኔ ትከሻ ጣለው! እህቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቁስል አሳሪው ሳቃችን እስኪያልፍ ቢላውን አንሥቶ ቆመ።

ባሌ ሲነቃ ትንሿ ወጥታ ሳሕን ላይ ነበረች። አፈረ። ፊቱን ታጥቦ መጣና ወደ መስኮቱ ዙሪ አለኝ። ነጠላዬን ገፍፎ ከማጅራቴ እስከ ወገቤ በጣቱ ፈለገ፤ ያገኘውን ነጥብ ሁሉ ይህስ ምንድን ነው እያለ ቁስል አሳሪውን አስጨነቀው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ወጥቶብኛል፣ ብዙ ጊዜም አስቆርጫለሁ። ሁሉንም ቀድሞ ያገኘው እሱ ነው።